አልጌውን ከውሃው መለየት፦ አሉም፣ ኖራ ወይስ የሽፈራው ፍሬ?

አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሙሉ ውሃ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ቢሆንም፣ ውስጡ ያለው አልጌ ደርቆ ቢመዘን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። ሌላው ሁሉ ውሃ ነው። አልጌውን ማብቀል ብዙም አያስቸግርም፤ ፀሐይ፣ ትንሽ ማዳበሪያና የሚያንቀሳቅሰው አየር ካገኘ ባህር ዳር ላይ በየትኛውም ገንዳ ይበቅላል። ገንዘብና ጉልበት የሚበላው ያችን ግማሽ ኪሎ ከሺህ ሊትር ውሃ ነጥሎ ማውጣቱ ነው። ከጠቅላላው የማምረቻ ወጪ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በዚህ ሥራ ላይ እንደሚያልቅ በዘርፉ በተደጋጋሚ ይነገራል።

ይህ ጽሑፍ ለዓሣ እርባታ፣ ለማዳበሪያ ወይም ለጥናት አልጌ የሚያበቅሉ ሰዎች ማርጊያ፣ ማለትም በውሃ ውስጥ የተበተነውን ደቃቅ ነገር አሰባስቦ የሚያዘቅጥ ነገር፣ ተጠቅመው እንዴት እንደሚሰበስቡት ያብራራል። ከዝርዝሩ በፊት ግን አንድ ነገር መያዝ አለበት፦ ማርጊያው የሚመረጠው አልጌው ለምን ሊውል እንደታሰበ ታይቶ ነው። ውሃውን ከሁሉ አሳምሮ የሚያጠራው ኬሚካል ለእናንተ ዓላማ የማይሆን ሊሆን ይችላል።

ዝም ብሎ ለምን አይዘቅጥም?

ክሎሬላን የመሰለ አልጌ አንዱ ህዋስ ስፋቱ ከ2 እስከ 10 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ማለት ስለሆነ አቡጀዲ ይቅርና ደህና የሚባል ማጣሪያ ጨርቅም ያሳልፈዋል። ቀዳዳው የጠበበ ማጣሪያ ብትገዙም በደቂቃዎች ውስጥ ይደፈናል። ሴንትሪፊውጅ፣ ማለትም በፍጥነት እያሽከረከረ የሚለይ መሣሪያ፣ ይለየዋል፤ ነገር ግን ሺህ ሊትር ውሃ ሙሉ እያሽከረከሩ ግማሽ ኪሎ ማውጣት የመብራቱን ወጪ አይችለውም።

በራሱ እንዲዘቅጥ ብንተወውስ? የህዋሱ ክብደት ከውሃ እምብዛም አይለይም። 5 ማይክሮን ስፋት ያለው ህዋስ ፍጹም በረጋ ውሃ ውስጥ በሰዓት ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ቢወርድ ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ላለው ገንዳ ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ማለት ነው፤ ያውም ውሃው ቀን እየሞቀ ማታ እየቀዘቀዘ መልሶ ካላማሰለው። በዚያ ላይ የህዋሶቹ ገጽ በሙሉ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት አለው፤ ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 35 ሚሊቮልት አሉታዊ ሆኖ ይገኛል። ተመሳሳይ ሙሌት ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ተጠጋግተውም አይጣበቁም።

መፍትሔው ያለው ከስፋቱ ዘንድ ነው። ጥግግቱ እስካልተለወጠ ድረስ የመዝቀጥ ፍጥነት በስፋቱ ካሬ ያድጋል፤ አሥር እጥፍ የሰፋ ነገር መቶ እጥፍ ይፈጥናል። ህዋሶቹ ተሰባስበው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያህል ጥጥ መሰል ስብስብ ከሠሩ፣ ስብስቡ ውሃ ያዘለና የላላ ቢሆንም እንኳ በደቂቃ በርካታ ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሥራ በአንድ ሰዓት ያልቃል።

ማርጊያው ይህን የሚያደርገው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ አዎንታዊ ሙሌት ይዞ ገብቶ የህዋሶቹን መገፋፋት ያረክሳል። ሁለተኛ፣ እንደ አሉም ያለው ራሱ በውሃው ውስጥ ዝልግልግ ዝቃጭ ይሆንና ሲወርድ አልጌውን እየጠራረገ ይዞ ይወርዳል። ሦስተኛ፣ ረጃጅም ሰንሰለት ያላቸው እንደ ኪቶሳን ያሉት ደግሞ አንዱን ጫፍ በአንድ ህዋስ፣ ሌላውን ጫፍ በሌላው ላይ አጣብቀው ድልድይ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ስፒሩሊና ለሚያበቅሉ ሰዎች፦ እናንተ ማርጊያ አያስፈልጋችሁም። ስፒሩሊና የተጠቀለለ ክር ነው፤ ርዝመቱ በመቶዎች ማይክሮን ስለሚቆጠር ከ30 እስከ 50 ማይክሮን ቀዳዳ ባለው ወንፊት ጨርቅ ይያዛል። ለሰው ምግብ በሚሆን ነገር ላይ ያለ ምክንያት ኬሚካል አትጨምሩ።

የትኛው ማርጊያ ለየትኛው ሥራ

አሉም፣ ማለትም አሉሚኒየም ሰልፌት፣ የከተማ ውሃ ማጣሪያዎች የሚጠቀሙበት ነው። ርካሽ ነው፤ አያያዙም ቀላል ነው። አልጌ ለበዛበት ውሃ በሊትር ከ100 እስከ 300 ሚሊ ግራም ይፈልጋል፤ ለመጠጥ ውሃ ማጥሪያ ከሚገባው እጅግ ይበልጣል። ደህና የሚሠራው ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት ልኬት) ከ5.5 እስከ 7 ባለው ውስጥ ነው። ችግሩ የጨመራችሁት አሉሚኒየም በሙሉ ማለት ይቻላል ከአልጌው ጋር መውረዱ ነው። ሂሳቡን እንሥራው፦ በ200 ሊትር በርሜል ውስጥ በሊትር ግማሽ ግራም አልጌ ቢኖር ጠቅላላው 100 ግራም ነው። በሊትር 150 ሚሊ ግራም አሉም ብንጨምር 30 ግራም አሉም ገባ ማለት ነው፤ ከዚህ ወደ 7 ግራም የሚጠጋ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ይወጣል። ስለዚህ ደርቆ በእጃችሁ የሚገባው ዱቄት ከመቶው ሰባት እጅ ያህሉ አልጌ ሳይሆን የአሉሚኒየም ዝቃጭ ነው። ለዓሣም ሆነ ለዶሮ መኖ አይመከርም።

ለማዳበሪያም ቢሆን አሉም ለእኛ አገር አይስማማም። በአዊና በምዕራብ ጎጃም ደጋዎች ያለው አፈር አሲዳማ ነው፤ በአሲዳማ አፈር ላይ ሰብሉን ከሚጎዱት ነገሮች ዋነኛው ደግሞ በአፈሩ ውስጥ የሟሟ አሉሚኒየም ነው። በዚያ ላይ አሉሚኒየም ፎስፈረስን ጨብጦ ይይዛል፤ አልጌውን ወደ ማሳ የምንወስደው አንዱ ምክንያት ግን ፎስፈረሱ ነው። እንዲህ ላለው ማሳ በአሉም የረጋ አልጌ መውሰድ የራስን ድካም ማርከስ ነው።

ለማዳበሪያ የሚሻለው ኖራ ነው። ኖራ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የውሃው ፒኤች ከ10.5 ሲያልፍ በውሃው ውስጥ ያለው ማግኒዚየም ወደ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ተለውጦ ይዘቅጣል፤ ይህ ዝቃጭ አዎንታዊ ሙሌት ስላለው አልጌውን ይዞ ይወርዳል። አልጌው ላይ የሚቀረው ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው፤ ሁለቱም አሲዳማ አፈር የሚፈልጋቸው ናቸው። እርግጥ ነው፣ የአፈርን አሲዳማነት ለማከም በሄክታር የሚበተነው ኖራ በኩንታል የሚቆጠር ስለሆነ ከአልጌው ጋር የሚሄደው እሱን አይተካም። ቢያንስ ግን አይጎዳም።

ኖራ ላይ የሚያጋጥመው እንቅፋት የማግኒዚየም ማነስ ነው። የጣና ውሃ ጨው ያልበዛበት ቀለል ያለ ውሃ ነው፤ የዝናብ ውሃ ደግሞ ጭራሽ ማግኒዚየም የለውም ማለት ይቻላል። ለክሎሬላ ቢያንስ በሊትር 3.6 ሚሊ ግራም ያህል ማግኒዚየም ያስፈልጋል። ውሃው ከሌለው ማግኒዚየም ሰልፌት ይጨመራል፤ በሊትር 37 ሚሊ ግራም፣ ለ200 ሊትር በርሜል ሰባት ግራም ተኩል ያህል መሆኑ ነው። ማግኒዚየሙ ኖራው ከመግባቱ በፊት መሟሟት አለበት። ሌላው እንቅፋት የኖራው እርጅና ነው፦ ከረጢቱ ተከፍቶ የሰነበተ ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ ተራ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይመለሳል። እንዲህ ያለው ኖራ የቱንም ያህል ቢጨመር ፒኤቹ ወደሚፈለገው አይደርስም። አዲስ የተቦካና በደንብ ታስሮ የተቀመጠ ኖራ ተጠቀሙ፤ ዓይን ስለሚያቃጥል መነጽርና ጓንት አይቅር።

የሽፈራው ፍሬ ለመኖ ለሚያስቡ ሰዎች ጥሩ አማራጭ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ ሙሌት አለው፤ የኬሚካል ቅሪትም አይተውም። በአገራችን ደቡብ የሚበቅለው ሽፈራውም ሆነ ከህንድ የመጣው ዝርያ ይሠራል። የሚሠራው ግን ፍሬው ነው፤ በየመደብሩ የሚሸጠው የቅጠል ዱቄት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎም ፕሮቲኑን ስለሚይዝ ይሠራል፤ ዘይት የሚጨምቅ ሰው ካገኛችሁ በርካሽ ይገኛል።

አዘገጃጀቱ ይህ ነው፦ የደረቀ ፍሬ ተፈልፍሎ ነጩ ክፍል ብቻ ይወሰድ፤ የጠቆረውና የሻገተው ይጣል። ልም ተደርጎ ይወቀጥና ይነፋ። 10 ግራም ዱቄት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይማሰልና በአቡጀዲ ይጠለል። ውሃው ላይ ጨው ማሟሟት ፕሮቲኑን አብልጦ ያወጣዋል፤ ነገር ግን ጨው የበዛበት ውሃ ወደ አልጌው ገንዳ መመለስ የለበትም። ለአልጌ የሚያስፈልገው መጠን በሊትር ከግማሽ እስከ አንድ ግራም ዱቄት ሊደርስ ስለሚችል ለትልቅ ገንዳ ብዙ ፍሬ ይፈጃል። የተጠለለው ውሃ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ ካደረ ይቦካል፣ ኃይሉም ይወርዳል።

ኪቶሳን ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ይሠራል። በሊትር ከ10 እስከ 50 ሚሊ ግራም ብቻ ይበቃዋል፤ የሚሠራው ስብስብም ትልልቅና ጠንካራ ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ነው። በተራ ውሃ አይሟሟም፦ 1 ግራም ኪቶሳን በ100 ሚሊ ሊትር 1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ለብዙ ሰዓታት ይማሰላል። 5 በመቶ የሆነ ኮምጣጤ አንድ እጅ፣ ውሃ አራት እጅ ሲቀላቀል ይህንኑ ይሰጣል። ለጥናትና ውድ ለሆነ ምርት ካልሆነ በቀር አንመክረውም።

ፈሪክ ክሎራይድ ይሠራል፤ ግን አልጌውን ቡናማ ያደርገዋል፣ ብረትም ይበላል። ለባዮጋዝ ጉድጓድ ለሚሄድ አልጌ ከሆነ ጉዳት የለውም። ለመጠጥ ውሃ ተብለው ከክሎሪን ጋር ተቀላቅለው በትንንሽ ከረጢት የሚሸጡትን ማጥሪያዎች ግን ለዚህ አትጠቀሙ፤ ክሎሪኑ ህዋሶቹን ይገድላል፣ ውስጣቸው ያለውም ወደ ውሃው ይፈሳል።

መጠኑ በዕለቱ ውሃ ይፈተናል

ከላይ የሰጠናቸው መጠኖች መነሻ ናቸው። ትክክለኛው መጠን እንደ አልጌው ብዛት፣ ዕድሜና ፒኤች ከቀን ቀን ይለያያል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትልቅ ርጋታ በፊት በማሰሮ መፈተን ያስፈልጋል። አንድ ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው፤ ብዙ ኪሳራ ያድናል።

ስድስት ባለ አንድ ሊትር ጥርት ያሉ ማሰሮዎች ወይም ጆጎች አዘጋጁ። 10 ግራም አሉም በንጹህ ውሃ አሟሙታችሁ ልክ አንድ ሊትር ሙሉት፤ በዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አሉም አለው። ከዚህ ይበልጥ አታቅጥኑት፤ የቀጠነ አሉም ገና በዕቃው ውስጥ እያለ ሥራውን ጨርሶ ይዳከማል። ከገንዳው የተቀዳውን አረንጓዴ ውሃ በየማሰሮው አንድ አንድ ሊትር ሙሉ። የመጀመሪያው ምንም አይጨመርበት፤ በሌሎቹ ላይ በሲሪንጅ 5፣ 10፣ 15፣ 20 እና 25 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። ይህም በሊትር 50፣ 100፣ 150፣ 200 እና 250 ሚሊ ግራም ይሆናል።

ማርጊያው የሚጨመረው ውሃው በፍጥነት እየተማሰለ ነው። አሉም ከውሃው ጋር የሚገናኝበት ጊዜ በሰከንዶች የሚቆጠር ስለሆነ ረጋ ባለ ውሃ ላይ ካፈሰሳችሁት የነካው ቦታ ብቻ ይረጋል፤ የቀረው ምንም አያገኝም። አንድ ደቂቃ በኃይል አማስሉ። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በጣም በዝግታ አማስሉ፤ ማማሰያው በሁለት ወይም በሦስት ሰከንድ አንድ ዙር ይዙር። እርጎ የሚገፋ ሰው ቅቤው እንዲሰበሰብ ቅሉን በእኩል ምት እንደሚወዘውዘው ሁሉ፣ እዚህም የሚያስፈልገው ደቃቆቹ እየተጋጩ እንዲያያዙ እንጂ የተያያዙት እንዲበተኑ አይደለም። መጀመሪያ ውሃው ጭጋግ ይመስላል፤ ቀጥሎ የአሸዋ ቅንጣት የሚያህሉ አረንጓዴ ነጥቦች ይታያሉ፤ ከዚያ ነጥቦቹ ተያይዘው በመካከላቸው ጥርት ያለ ውሃ ይገለጣል። መካከላቸው ጠርቶ ካልታየ መጠኑ አልበቃም ወይም በዝቷል።

ለ30 ደቂቃ ተዉት። ስፔክትሮፎቶሜትር (ብርሃን በውሃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚለካ መሣሪያ) ያላችሁ፣ ከላይ ትንሽ ወረድ ብላችሁ ናሙና ውሰዱና በ750 ናኖ ሜትር ለኩ። በዚህ የብርሃን ርዝመት ክሎሮፊል ብርሃን ስለማይመጥ የሚለካው የህዋሶቹ ብዛት ነው። መጀመሪያ ከነበረው ልኬት የኋለኛውን ቀንሳችሁ ለመጀመሪያው ስታካፍሉና በመቶ ስታበዙ ምን ያህሉ እንደተሰበሰበ ታገኛላችሁ። መሣሪያው ከሌለ ከማሰሮዎቹ ጀርባ ጋዜጣ አቁሙ፤ ጽሑፉ ከሁሉ ጠርቶ የሚነበብበት ማሰሮ መልሳችሁ ነው። ሁለት ማሰሮዎች እኩል ከጠሩ ያነሰውን መጠን ምረጡ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ 150 ጥሩ ከሠራ 300 ይበልጥ ይሠራል ብለው ያስባሉ። ማርጊያው ከመጠን ሲያልፍ ህዋሶቹ አሉታዊ መሆናቸው ቀርቶ አዎንታዊ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ እንደገና መገፋፋት ይጀምራሉ። ውሃው መልሶ ይደፈርሳል። በኪቶሳንና በሽፈራው ይህ ፈጥኖ ይታያል።

በበርሜል ሲሠራ

ጊዜው ጠዋት ይሁን፤ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ይመረጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ፀሐይ ካየለች አልጌው ኦክስጅን ያወጣል፤ አረፋው በስብስቡ ውስጥ ገብቶ ወደ ላይ ይዞት ይንሳፈፋል። ደግሞም አልጌው ቀን ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከውሃው ስለሚጨርስ ፒኤቹ ከ9 በላይ ሊወጣ ይችላል፤ አሉም በዚህ ላይ አይሠራም። ለኖራ ግን ይህ ይጠቅማል፦ ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ ራሱ ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ትንሽ ኖራ ይበቃል።

የአየር ማስገቢያውን ዝጉ። ፒኤቹን ለኩ። በፈተናው በሊትር 150 ሚሊ ግራም ከተመረጠ ለ200 ሊትር በርሜል 30 ግራም አሉም በ3 ሊትር ውሃ ይሟሟ። አንዱ በሰፊ የእንጨት መቅዘፊያ በኃይል ሲያማስል ሌላው በአንድ ጊዜ ይጨምር። ከዚያ በዝግታ ሩብ ሰዓት ማማሰል፣ አንድ ሰዓት መተው። ለማንቀሳቀስ ፓምፕ አትጠቀሙ፤ የፓምፑ ምላስ የተሠራውን ስብስብ ይበጣጥሰዋል፣ ተመልሶም እንደ መጀመሪያው አይያያዝም።

በርሜሉ ከታች ጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ ከዝቃጩ በላይ ከፍ ብሎ ቧንቧ ቢበሳለት የጠራው ውሃ ከዝቃጩ ሳይነካካ ይወጣል፤ ከሌለ በጎማ እየሳባችሁ ከላይ ወደ ታች ውረዱ። ከታች የሚቀረው ከ10 እስከ 20 ሊትር የሚሆን አረንጓዴ ዝቃጭ ነው። ይህን በአቡጀዲ ከረጢት ሰቅላችሁ አጠንፍፉት። አሁን አቡጀዲው ይይዘዋል፤ የሚጠለለው ነጠላ ህዋስ ሳይሆን ስብስብ ነውና። ከረጢቱን አትጭመቁ፤ ከተጨመቀ በቀዳዳው ይወጣል።

ከዚህ በኋላ መፍጠን ያስፈልጋል። እርጥብ አልጌ በሞቃት ቀን በሰዓታት ውስጥ መሽተት ይጀምራል። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስሶ በፕላስቲክ ላይ ተዘርግቶ፣ አየር በሚገባበት ጥላ ወይም ከ60 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ይድረቅ። ወፍራም ተደርጎ ከተሰጣ ላዩ ቆዳ ይሠራና ውስጡ ይበሰብሳል።

ሲበላሽ ምን ይታያል?

*ምንም ሳይረጋ ፒኤቹ ከወረደ።* አሉም አሲድ ይፈጥራል። እያንዳንዱ ሚሊ ግራም አሉም ግማሽ ሚሊ ግራም የሚሆን የውሃውን አልካሊነት (አሲድን የመቋቋም አቅም) ይበላል፤ ይህ በካልሲየም ካርቦኔት ሲለካ ነው። 150 ሚሊ ግራም ሲጨመር 75 ሚሊ ግራም ይጠፋል ማለት ነው። ቀለል ያለ ውሃ ያን ያህል ላይኖረው ስለሚችል ፒኤቹ ከ5.5 በታች ይወርድና አሉሙ ሟሙቶ ይቀራል። መድኃኒቱ ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ ለ200 ሊትር ወደ 25 ግራም፣ ከአሉሙ በፊት።

*ስብስቡ የመርፌ ጫፍ ያህል ሆኖ ከቀረ።* የዝግታው ማማሰል ፈጥኗል ወይም አጥሯል። እንደገና አሉም ከመጨመር በፊት አሥር ደቂቃ በዝግታ አማስሉ።

*መጠኑ ከባለፈው ሳምንት እጥፍ ከሆነ።* አልጌው አርጅቷል። ማደጉን ያቆመ አልጌ ዝልግልግ ነገር ወደ ውሃው ይለቃል፤ ዝልግልጉ ማርጊያውን ቀድሞ ይጨርሰዋል። አልጌው ገና እያደገ እያለ መሰብሰብ ይሻላል። ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ ግልገል አባይና ሌሎቹ ወንዞች የሚያመጡት ደለል ማርጊያውን ይሻማል። ገንዳ የሚሞላበት ውሃ አስቀድሞ አድሮ ይጥራ።

*ከተለመደው ከዘገየ።* ብርድ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ይወፍራል፤ በ10 ዲግሪ ያለ ውሃ ውስጥ ዝቃጩ በ25 ዲግሪ ካለው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ደብረ ማርቆስ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የሚሠራ ሰው ከባህር ዳሩ ይበልጥ ጊዜ ይስጠው።

*ተንሳፍፎ ከቀረ።* በጭልፋ ከላይ ቅዱት፤ ምንም አልተበላሸም።

በዚህ አጋጣሚ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ሁሉ ዝርያው ታውቆ በገንዳ ለበቀለ አልጌ ነው። በጣና ዳርቻ አንዳንዴ እንደ አረንጓዴ ቀለም ሆኖ የሚታየውን ሰብስቦ ለከብት፣ ለዶሮ ወይም ለዓሣ መስጠት አይገባም። በጣና ውስጥ ማይክሮሲስቲስ የሚባል ዝርያ ተገኝቷል፤ ይህ ዝርያ ጉበት የሚጎዳ ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። መርዙ በማፍላት አይጠፋም፤ ህዋሱ ሲፈርስ ደግሞ ወደ ውሃው ይወጣል።

የጠራው ውሃ እንዳይደፋ፤ የተረፈ ማዳበሪያ ስላለበት ተመልሶ ገንዳ ይሞላል። ከኖራ በኋላ ያለው ፒኤቹ ከፍተኛ ስለሆነ መጀመሪያ በሰፊ ዕቃ አየር እያገኘ፣ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተነፋበት፣ ከ8.5 በታች ይውረድ። ከአሉም በኋላ ያለው በየዙሩ ሰልፌት ስለሚጠራቀምበት በየጊዜው ግማሹ በአዲስ ውሃ ይተካ፤ የሚወጣውም ወደ ጣና ወይም ወደ አባይ ሳይሆን ወደ ሣር መሬት ይፍሰስ።